የምስር ፍሬ የምታክለው ክዳን

ይህን የተናገርኩት እዚህ ሚኒያፖሊስ ውስጥ፣ አደንና ዒላማ ተኩስ ለሚወዱ ወገኖች ነው። አንድ ክፍል የማንሞላ ሰዎች ነበርን። ስጽፈው ቀልዱን ቀነስ አድርጌያለሁ፤ በሰዓቱ የረሳሁትን ደግሞ ጨምሬበታለሁ። ዓመቶቹም ወሮቹም በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

እንደምን አመሻችሁ!

መጀመሪያ ይህቺን ነገር ተቀባበሏት። አይዟችሁ፣ ተተኩሳ ያለቀች ናት፤ ምንም አታደርግም። ጣታችሁ ላይ አስቀምጧትና እዩዋት። ብታክል የምስር ፍሬ ብታክል ነው። ምንጣፉ ላይ ከወደቀች አትገኝም፤ እኔ ቤት ስንቷ ከአቧራ ጋር እንደተጠረገች ባለቤቴ ናት የምታውቀው።

ፕራይመር ትባላለች፤ የጥይት ማቀጣጠያ ናት። እኔ ክዳን እላታለሁ። በ2019 አንድ ሺውን በ32 ዶላር ገዝቻለሁ። አንዷ ሦስት ሳንቲም ገደማ መሆኗ ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ ያንኑ አንድ ሺህ በ200 ዶላር የሚሸጥ ሰው አጋጠመኝ። የሚገርመው ዋጋው አይደለም። እኔ ሳስብ ከኋላዬ የነበረው ሰውዬ ከፍሎ ወሰደው። ዛሬ ሱቅ ውስጥ ስትገኝ አንድ ሺው ከ70 እስከ 100 ዶላር ነው። እሱንም “ረክሷል” ብለን ደስ ብሎን ነው የምንገዛው።

ዛሬ የማወራው ስለ እሷ ነው፤ ጥይት መሙያ ዕቃ ለምን እንደሚጠፋና እንደሚወደድ። ባሩዱም ይመጣል፣ እርሳሱም ይመጣል። የችግሩ መነሻ ግን እሷ ስለሆነች ከእሷ ልጀምር።

ነገሩን ለማታውቁት ላስረዳ። ጥይት አራት ነገር ነው። ቀለህ፣ ክዳን፣ ባሩድና አረር። የጠመንጃው መርፌ ክዳኗን ሲመታት እሳት ትተፋለች። እሳቱ ባሩዱን ያቀጣጥላል። ጋዙ አረሩን ገፍቶ ያስወጣዋል። ከተተኮሰ በኋላ ሦስቱ አልቀዋል፤ ቀለሁ ብቻ ይቀራል። ቀለህ ደግሞ ነሐስ ነው፤ ከጥይቱ ዋጋ ትልቁን ድርሻ የሚይዘው እሱ ነው። እና ሰው ምን ይላል? “ይህን እንዴት እጥላለሁ?” ይላል። ይለቅመዋል፣ ያጥበዋል፣ ወደ ልኩ ይመልሰዋል፣ አዲስ ክዳን፣ አዲስ ባሩድ፣ አዲስ አረር ይጨምርበታል። የሽጉጥ ቀለህ አሥር ጊዜም ከዚያ በላይም ይሞላል። አሜሪካኖቹ ሪሎዲንግ ይሉታል። ለራስህ እስከሆነ ድረስ በፌዴራል ሕግ ፈቃድ አያስፈልገውም። የማወራው ስለ አሜሪካ ነው። አገር ቤት ያለው የጦር መሣሪያ አዋጅ ሌላ ነው፤ ይህን ሰምታችሁ ለዘመድ “እንዲህ አድርግ” ብላችሁ እንዳትደውሉ።

እኔ የጀመርኩት ለቁጠባ ነው። ማሽኒስት ነኝ፤ ልኬት እወዳለሁ፤ ማታ ማታ ጋራዥ ገብቼ መቶ ጥይት ስሞላ የቀኑ ድካም ይወጣልኛል። ሰው ዮጋ ይሠራል፣ እኔ ቀለህ እሞላለሁ።

ከዚያ 2020 መጣ።

መጋቢት ላይ ኮሮና ገባ። ሰው መጀመሪያ የሽንት ቤት ወረቀት ገዛ፤ ቀጥሎ ጠመንጃ ገዛ። ግንቦት ላይ ጆርጅ ፍሎይድ እዚሁ ከተማችን ውስጥ ሞተ። የሌክ ስትሪትን እሳት ሁላችንም እናስታውሰዋለን። ኅዳር ላይ ምርጫ ነበር። በዚያ ዓመት ኤፍ ቢ አይ 39.7 ሚሊዮን የጠመንጃ የጀርባ ማጣሪያ አደረገ። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት 28.4 ሚሊዮን ነበር። ማጣሪያው ሁሉ ሽያጭ አይደለም፤ ግን አቅጣጫውን ያሳያል። የጠመንጃ ነጋዴዎቹ ማኅበር ከ8 ሚሊዮን በላይ ሰው ያን ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ጠመንጃ ገዝቷል ብሎ ገምቷል። አዲስ ገዢ ደግሞ ምን ያደርጋል? ጠመንጃውን ከገዛ ሁለት ፓኮ ጥይት ይጨምራል። 8 ሚሊዮን ሰው ሁለት ሁለት ፓኮ ቢገዛ፣ ፓኮው 50 ጥይት ነው፣ 800 ሚሊዮን ጥይት ማለት ነው። 800 ሚሊዮን ክዳን።

እዚህ ላይ የሚያናድደኝን ልንገራችሁ። ፌዴራል የሚባለው የጥይት ኩባንያ ፋብሪካው አኖካ ነው ያለው። ከ1922 ጀምሮ እዚያው ነው። አኖካ ከዚህ በመኪና ግማሽ ሰዓት ነው። ክዳን የሚሠራበት ቤት ጎረቤታችን ነው! እኔ ግን ወደ ሁለት ዓመት ሙሉ አንዲት ፓኮ ከሱቅ መደርደሪያ ላይ አላየሁም። አባይን ያላየ ምንጭ ያመሰግናል ይባላል፤ እኔ አባይ አጠገብ ተቀምጬ ነው የተጠማሁት።

ወሬው ያኔ ብዙ ነበር። “መንግሥት ገዝቶ ደብቆታል።” “ኩባንያዎቹ ዋጋ እስኪወጣ መጋዘን ውስጥ አከማችተውታል።” እኛ ከስኳርና ከዘይት ሰልፍ የመጣን ሰዎች ይህን ወሬ ለማመን አንቸገርም። በ2020 መጨረሻ የፌዴራል ኩባንያ ፕሬዚዳንት ራሱ በቪዲዮ ወጥቶ “የደበቅነው ነገር የለም፤ አንድ ቢሊዮን ዶላር የሚያወጣ ያልተሟላ ትእዛዝ አለብን” እስከ ማለት ደረሰ። እኔ አመንኩት። ምክንያቱም ሒሳቡ ራሱ ያስረዳል፤ ደባ አያስፈልገውም።

ሒሳቡ እንዲህ ነው። አሜሪካ ውስጥ ክዳን በብዛት የሚያመርቱ ስሞች ለረጅም ጊዜ አራት ነበሩ። ፌዴራል አኖካ ላይ፣ ሲሲአይ አይዳሆ ሌዊስተን ላይ፣ ሬሚንግተን አርካንሶ ሎኖክ ላይ፣ እና ዊንቸስተር። እነዚህ አራቱም ሙሉ ጥይትም ይሠራሉ። አሁን ጤፍ ጠፋ እንበል። አንዲት እንጀራ ጋጋሪ ቤቷ አሥር ኩንታል ጤፍ አላት። ጤፉን ለእናንተ ትሸጣለች ወይስ ጋግራ እንጀራውን ትሸጣለች? ጋግራ ነው የምትሸጠው። ኩባንያዎቹም እንዲሁ ናቸው። ክዳኗን ለብቻዋ ቢሸጧት ሦስት ሳንቲም ነች። ጥይት ውስጥ ከከተቷት ያኔ ስድሳና ሰባ ሳንቲም ታመጣለች። እናንተስ ብትሆኑ?

ስለዚህ እኛ ቀለህ የምንሞላ ሰዎች ከሰልፉ መጨረሻ ላይ ነን። ከወታደሩ፣ ከፖሊሱ፣ ፓኮ ከሚገዛው ሰው ሁሉ በኋላ። ተርፎ ሲገኝ ነው የሚደርሰን። ድሮ ሁልጊዜ ይተርፍ ስለነበር ሰልፍ ላይ መሆናችንንም አናውቅም ነበር።

“ታዲያ ለምን ሌላ ፋብሪካ አይሠሩም?” ትሉኛላችሁ። ሁለት ምክንያት አለ። አንደኛው፣ ክዳን ውስጥ ያለው ነገር ፈንጂ ነው። እርጥብ ሆኖ ነው የሚሠራው፤ የሚሠራው ሰው በልምድ የበሰለ መሆን አለበት፤ ማሽኑም ሕንፃውም ለብቻው ነው። ዳቦ ቤት እንደ መክፈት አይደለም። ሁለተኛው ምክንያት ደግሞ ፍርሃት ነው። ከ2016 ምርጫ በኋላ ገበያው ቀዘቀዘ። ሬሚንግተን በ2018 ከሰረ። ተነሣ። በ2020 ሐምሌ ላይ፣ ገበያው ባበደበት ወቅት፣ እንደገና ከሰረ። ይህን ያየ ባለሀብት “ዛሬ ፋብሪካ አስፋፍቼ ነገ ሰው ቢጠግብስ?” ይላል። ትክክል ነው። ይጠግባልም። ከዚያ በፊት ከ2012 መጨረሻ በኋላ፣ ከሳንዲ ሁክ ትምህርት ቤት ግድያ በኋላ ማለት ነው፣ እንዲሁ ሁሉም ጠፍቶ ነበር፤ በኋላ ሞላ።

የሬሚንግተንን የጥይት ክፍል በ81.4 ሚሊዮን ዶላር የገዛው ቪስታ አውትዶር የሚባል ኩባንያ ነው። ቪስታ ደግሞ ፌዴራልንና ሲሲአይን ቀድሞ ይዟቸዋል። ልብ በሉ። ከአራቱ ሦስቱ አንድ ቤት ገቡ። በ2024 ኅዳር ላይ ደግሞ የቪስታ የጥይት ክፍል ራሱ በ2.2 ቢሊዮን ዶላር ተሸጠ። የገዛው ሲኤስጂ የሚባል የቼክ ኩባንያ ነው፤ ለጦር ሠራዊት የመድፍ ጥይት የሚያመርት። የአኖካው ጎረቤታችን ዛሬ ባለቤቱ ፕራግ ነው ያለው።

እሺ፣ ወደ ባሩዱ እንሂድ። እዚህ ትንሽ ልቆይ፤ ነገሩ እኔን የሚገርመኝ እዚህ ጋ ነው።

የባሩዱ መነሻ ጥጥ ነው። አዎ፣ ነጠላ የምንፈትልበት ጥጥ። ጥጥ ሲዳመጥ ረጅሙ ወደ ፈትል ይሄዳል። ፍሬው ላይ ግን አጭር፣ ብናኝ የመሰለ ጥጥ ተጣብቆ ይቀራል። እናቶቻችን ይህን ለምንም አይፈልጉትም ነበር። ፋብሪካ ግን በአሲድ ለውጦ ናይትሮሴሉሎስ ያደርገዋል። ጥፍር ቀለም ውስጥም አለ፣ የመኪና ቀለም ውስጥም አለ፤ ጭስ አልባ ባሩድም ዋናው ነገሩ እሱ ነው። የጠመንጃዬም፣ የመድፉም።

አሁን መድፉን ተመልከቱ። በ155 ሚሊ ሜትር መድፍ ሩቅ ለመተኮስ አሥር ኪሎ አካባቢ ባሩድ ይነዳል። አንድ ጊዜ ለመተኮስ ነው። እኔ ለአጋዘን ማደኛዬ፣ ለ.30-06፣ 56 ግሬን እጠቀማለሁ። አንድ ፓውንድ 7,000 ግሬን ነው። አሥር ኪሎውን ለእኔ ጥይት ቢያካፍሉት 2,700 ጥይት ይወጣዋል። የባሩዱ ዓይነት አንድ አይደለም፤ መነሻው ግን ያው ናይትሮሴሉሎስ ነው። እኔ በዓመት ሦስት ወይ አራት ጥይት ነው አጋዘን ላይ የምተኩሰው። መድፈኛው አንዴ ገመዱን ሲስብ የስንት ትውልድ አደኔን አነደደ ማለት ነው!

ዩክሬን ላይ ጦርነቱ በ2022 ተጀመረ። አሜሪካ ከዚያ በፊት በወር 14,000 የሚሆን የ155 ጥይት ነበር የምታመርተው። ግቧን ወደ 100,000 አደረገችው። አውሮፓ በዓመት አንድ ሚሊዮን እሰጣለሁ ብሎ በ2024 መጋቢት አላደረሰም። ያላደረሰበት አንዱ ምክንያት ባሩድ ነው። የአውሮፓ ኮሚሽን አባል የነበሩት ቲየሪ ብረቶን ያን ጊዜ በግልጽ ተናግረውታል። ለባሩድ የሚሆነው ልዩ ጥጥ ባብዛኛው ከቻይና ነው የሚመጣው፤ እሱም መምጣቱ ተቋርጧል አሉ። ራይንሜታል የተባለው የጀርመን ኩባንያ በ2025 ለቀለምና ለመሳሰለው ናይትሮሴሉሎስ ይሠራ የነበረ የጀርመን ድርጅት ገዛ። የጥፍር ቀለሙ ቤት ወደ መድፍ ዞረ።

ይህ ሁሉ ጋራዤ ውስጥ እንዴት ገባ? በ2024 መጀመሪያ ቪስታ ለነጋዴዎቹ ደብዳቤ ጻፈ። በዓለም ላይ የባሩድ እጥረት እየመጣ ስለሆነ ከሚያዝያ 1 ጀምሮ ዋጋ እንጨምራለን የሚል። በ26 ዶላር እገዛው የነበረው ፓውንድ ዛሬ ከ45 እስከ 60 ዶላር ነው። አንዳንዱ ዓይነት ደግሞ በገንዘብም አይገኝም።

አንድ የሚያስቅ ታሪክ አለ። ባሩድ ለእኛ ለተራ ሰዎች በርካሽ መሸጥ የጀመረው እንዴት መሰላችሁ? ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲያልቅ መንግሥት እጁ ላይ ብዙ ባሩድ ተረፈው። ብሩስ ሆጅደን የሚባል የካንሳስ ሰው ያንን ትርፍ ገዝቶ ለአዳኝ ቸረቸረው። ሆጅደን ዛሬ በዚህ ሥራ ትልቁ ስም ነው። ገና ከመነሻችን የጦርነት ትራፊ ለቃሚዎች ነበርን። ሰላም ሲሆን ለእኛ ይተርፋል፤ ጦርነት ሲመጣ ደግሞ ባለቤቱ ዕቃውን ይወስዳል። አሁን ወሰደ።

መደርደሪያዬ ላይ ያሉትን ጣሳዎች ብታዩ አብዛኞቹ አሜሪካዊ ስም ነው ያላቸው። ውስጡ ግን ሌላ ነው። ቫርጌት የሚባለው የአውስትራሊያ ነው፤ ሙልዋላ የምትባል ከተማ ነው የሚሠራው። አይኤምአር የሚለው ካናዳ፣ ኬቤክ ውስጥ ቫሊፊልድ ላይ። ቪታቮሪ ፊንላንድ። የሽጉጡ ባሩድ ብቻ ፍሎሪዳ፣ ሴንት ማርክስ ነው። እሱንም የሚሠራው ጄኔራል ዳይናሚክስ ነው፤ ዋና ደንበኛው ደግሞ ሠራዊቱ። በ2025 ታሪፍ የሚባለው ነገር ሲመጣ አሜሪካዊ ዕቃ ነው የምንገዛው ብለን የተኛን ሰዎች ነቃን።

እርሳሱን ቶሎ ልለፈው። ድሮ ጎሚስታ ጋ ሄዳችሁ የጎማ ሚዛን መጠበቂያውን እርሳስ በባልዲ በነፃ ታገኙ ነበር። አቅልጣችሁ አረር ታደርጉታላችሁ። አሁን ጎሚስታው ብረትና ዚንክ ነው የሚጠቀመው። ከማዕድን እርሳስ ያወጣ የነበረው የመጨረሻው የአሜሪካ ማቅለጫ፣ ሚዙሪ ሄርኩላኒየም ላይ የነበረው፣ በ2013 መጨረሻ ተዘጋ። ከ1892 ጀምሮ የሠራ ነበር። አሁን አብዛኛው እርሳስ ከአሮጌ ባትሪ ነው የሚመጣው። አንቲሞኒ ደግሞ እርሳስ ያጠነክራል፤ ክዳኗ ውስጥም ይገባል። ቻይና በ2024 ታኅሣሥ ላይ ወደ አሜሪካ እንዳይወጣ ከለከለች። ዋጋው ብዙ እጥፍ ወጣ። ከአንድ ዓመት ገደማ በኋላ ክልከላውን ለጊዜው አነሣችው። መዳብም ተወዷል፤ ያለ መዳብ ነሐስ የለም።

እሺ፣ ሒሳብ እንሥራ። ብዙዎቻችሁ የመጣችሁት ለዚህ ነው መሰለኝ።

ዘጠኝ ሚሊ ሜትር ሽጉጥ። ክዳን 8 ሳንቲም። ባሩድ 5 ግሬን፣ ፓውንዱ በ45 ዶላር ቢሆን 3 ሳንቲም ትንሽ ፈቀቅ። አረር 10 ሳንቲም። ቀለሁን ከመሬት አነሣሁት እንበል፣ ነፃ ነው። 21 ሳንቲም። ሱቅ ውስጥ ተሞልቶ የተዘጋጀው ጥይት ዛሬ 23 ሳንቲም ገደማ ይገኛል። ሁለት ሳንቲም ለማትረፍ ቅዳሜዬን ሙሉ! ክዳንና ባሩድ ከሩቅ ካዘዛችሁ ደግሞ የአደገኛ ዕቃ ማጓጓዣ አለ፤ ሠላሳና አርባ ዶላር ይጨምራል። ትንሽ ካዘዛችሁ ከሳሪዎች ናችሁ።

አሁን .30-06ን እንይ። ክዳን 9 ሳንቲም። ባሩድ 56 ግሬን፣ በ50 ዶላር ሒሳብ 40 ሳንቲም። ጥሩ የአደን አረር 45 ሳንቲም። 94 ሳንቲም። ሱቅ ያለው የአደን ጥይት ከዶላር ተኩል በታች የለም፤ ሁለት ዶላርም አልፏል። እዚህ ላይ አሁንም ያዋጣል። ያረጀ፣ ሰው የተወው የጠመንጃ ዓይነት ካላችሁማ ጭራሽ ሱቅ ውስጥ አታገኙትም፤ መሙላት ግዴታ ነው።

የእኔ ፍርድ ይህ ነው። ለተራ ሽጉጥ ቁጠባ የሚባለው ነገር አብቅቷል። “ገንዘብ እቆጥባለሁ” እያለ ዘጠኝ ሚሊ ሜትር የሚሞላ ሰው ሚስቱን ነው የሚያታልለው። እኔም አታልያለሁ፤ ሳቁ እንጂ።

ስለ ራሳችን ጥፋትም ላንሣ። እጥረቱን ያመጣው ጦርነትና ምርጫ ነው። ያባባስነው ግን እኛ ነን። ክዳን ታየ ሲባል ሰው ሌሊቱን ተነሥቶ ሱቅ በር ላይ ይሰለፋል። የሚያስፈልገው አንድ ሺህ ነው፤ አምስት ሺህ ይገዛል። ወዲያው አየር በአየሩ ይጀመራል። መኪና ማቆሚያው ላይ፣ ሱቁ ፊት ለፊት፣ በእጥፍ። የአዲስ አበባ ሲሚንቶ ነጋዴ ቢያየው በባለሙያ ዓይን ይገመግመው ነበር።

እኔም ንጹሕ አይደለሁም። በ2021 ክረምት ላይ ፈርቼ አምስት ሺህ ክዳን ከአንድ ሰው በሺው 130 ዶላር ገዛሁ። ዛሬም ከሁለት ሺህ በላይ አለኝ። አሁን ሱቅ በ80 ዶላር ሳየው አንጀቴ ይቃጠላል። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ። በዚያው ወቅት አንድ ድረ ገጽ ላይ “በ45 ዶላር፣ ዛሬውኑ እንልካለን” የሚል አየሁ። ፎቶው ያማረ ነው። ካርድ አንቀበልም፣ ገንዘቡን በስልክ ላኩ ይላል። ልልክ ትንሽ ነበር የቀረኝ። ልጄ ናት “አባዬ፣ ሁሉም ሱቅ ያጣውን እነሱ እንዴት አገኙት?” ያለችኝ። የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ናት። እኔ ስስቱ ዓይኔን ጋርዶት ነበር።

ማከማቸትም ወሰን አለው። አገሪቱ ውስጥ ብዙ ቦታ የሚሠራበት የእሳት መከላከያ ደንብ መኖሪያ ቤት ውስጥ ከ10,000 በላይ ክዳን አታስቀምጡ ይላል። ባሩድም በመጀመሪያው ጣሳው ውስጥ 20 ፓውንድ። ከዚያ በላይ ሌላ ሁኔታ ይጠየቃል። የቤት ኢንሹራንሳችሁንም አንብቡት። “በመጀመሪያው ጣሳው” የሚለውን ደግሞ ቀልድ አታድርጉት።

ምክንያቱም እጥረት ሰውን ብልጥ ያደርገዋል፤ ብልጠት ደግሞ እዚህ ሥራ ላይ ጣት ያስቆርጣል። አንድ ጊዜ ጋራዥ ሽያጭ ላይ ስሙ የተላጠ ጣሳ ባሩድ በአሥር ዶላር ገዛሁ። ሽማግሌው ሞቶ ልጆቹ ናቸው የሚሸጡት። “ይህ እንትን ነው መሰለኝ” አሉኝ። እኔም መልኩን አይቼ “አዎ፣ ነው” አልኩ። ቤት ገብቼ ወንበር ላይ ተቀምጬ አሰብኩት። ባሩድ በመልኩ አይታወቅም። ወስጄ አስወገድኩት። አሥር ዶላር ነው፤ ጣቴ ከዚያ ይበልጣል።

ስምም ያሳስታል። 4350 የሚል ቁጥር ያለው ባሩድ ቢያንስ በሦስት ስም አለ፤ ቁጥሩ አንድ ነው፣ ባሩዱ ግን ለየቅል ነው፤ የአንዱን ልክ ለሌላው መጠቀም አይቻልም። ኤችፒ 38 እና ዊንቸስተር 231 ደግሞ ስማቸው ይለያያል እንጂ አንድ ባሩድ ናቸው። ይህን የምታውቁት ከመጽሐፉ ነው፤ ከሱቅ ልጅ አይደለም። የያዛችሁት ባሩድ መመሪያ መጽሐፉ ላይ ከሌለ አይሞላም። “ጠፍቷል፣ ምን ላድርግ” የሚል ክርክር ለብረት አይገባውም።

ልጨርስ ስል አንድ ጋሼ ከፊት ተቀምጠው የነበሩ እጃቸውን አነሡ። “አንተ ስለ ቀለህ ስታወራ፣” አሉ፣ “በእኛ አገር ቀለህ የሚለቀመው ለምን ነበር?”

ጥሩ ጥያቄ ነው። ጥይት በእኛ አገር በምኒልክ ዘመን ገንዘብ ነበር። አሞሌ ጨው እንደነበረው ሁሉ ጥይትም ገበያ ላይ ይመነዘር ነበር። ሐረር ላይ ቤቱን የምናውቀው ፈረንሳዊው ባለቅኔ ራምቦ በ1887 ለምኒልክ ከ2,000 በላይ ጠመንጃ ይዞ በበረሃ መጥቷል። አብሮት 60,000 የሬሚንግተን ጥይት ነበር። ያው ሬሚንግተን፣ ቅድም ሁለቴ ከሰረ ያልኳችሁ። ውጅግራ የምንለውም የፈረንሳዩ ፊዚ ግራ ነው፤ ስናድር የእንግሊዙ ስናይደር። ክዳንና ቀለህ ከባሕር ማዶ ነው የሚመጣው፤ የባሕሩን በር የያዘው ሰው እሺ ካላለ አይመጣም። በ1935 ጣሊያን ሊወረን ሲመጣ ያየነው ይህንኑ ነው። መሣሪያ እንዳንገዛ በሩን ዘጉብን።

“አሁን ያሉትስ ይሞላሉ?” አሉኝ። የክላሹ አይሞላም አልኳቸው። በሙያ መሞከር ይቻል ይሆናል፤ ግን ልፋቱ አያወጣውም። ቀለሁ ባብዛኛው ብረት ነው። የክዳን መቀመጫውም በርዳን የሚባለው ዓይነት ነው፤ ውስጡ ሁለት ቀዳዳ ስላለው በመሐል ገፍቶ ማውጣት አይቻልም። አሜሪካ የሚጠቀመው ቦክሰር የሚባለውን፣ ባለ አንድ ቀዳዳውን ነው። በርዳን አሜሪካዊ ነበር፤ ቦክሰር እንግሊዛዊ። አሜሪካ የእንግሊዙን ወሰደ፣ አውሮፓ የአሜሪካውን። ለምን እንደሆነ እንጃላቸው።

“ታዲያ አሁን ይህን ሥራ ልጀምር?” አሉኝ ጋሼ በመጨረሻ። “የምን ጠመንጃ አለዎት?” አልኳቸው። “ሽጉጥ ነው፤ ዘጠኝ ሚሊ ሜትር።” ሰው ሁሉ ሳቀ። “ጋሼ፣ ሱቅ ሄደው ይግዙ፤ ቅዳሜዎን ለልጅ ልጅዎ ይስጡት” አልኳቸው። አደን ከጀመሩ ግን መጀመሪያ መሙያ ማሽኑን እንዳይገዙ ነገርኳቸው። መጀመሪያ ክዳን ያግኙ። ከዚያ የሚፈልጉት ባሩድ መኖሩን ይዩ። ማሽን ሁልጊዜ አለ፤ ተስፋ የቆረጠ ሰው በየሳምንቱ ይሸጠዋል።

ወንበር እያነሣን ሳለ አንዲት እኅት ስልኳን ይዛ መጣች። አያቷ ጎጃም ውስጥ ኩላቸውን የሚያስቀምጡበትን ዕቃ ፎቶ አሳየችኝ። ቀለህ ነው። ወፍራም፣ ረጅም፣ ያረጀ፤ አፉ ላይ የእንጨት ውታፍ አለበት። ፎቶውን አጎላሁት። ክዳኗ ቂጡ ላይ እንዳለች ናት፤ መርፌ የመታት ጉድጓድ መሐሏ ላይ ይታያል። “ውጅግራ ይመስለኛል” አልኳት።

ከትከሻዬ በላይ አጮልቆ የሚያይ አንድ ልጅ፣ “ስንት ትሸጪዋለሽ?” አላት።